የእንግዳ ቀን አስተማሪ

የሰው ታሪክ የሚነገረው ሲሞት ብቻ ነው ያለው ማነው? የልዩ ክፍላችን አስተባባሪ ደህና አድርጎ በሕይወት አለ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሆዱም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀድመዋል። እኔ ግን ታሪኩን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሲሞትማ የሚነገረው ሁሉ ውሸት ነው የሚሆነው፤ እኔም እዚያው ቆሜ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" እያልኩ ማልቀሴ አይቀርም።

ትምህርት ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ጋሽ ማሳያ" ነው የሚባለው። ያወጣንለትም እኛ መምህራኑ ነን፣ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ቆጥሮት ደስ ይለዋል። ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት የአሸዋ ሳጥን ለምንድነው ስትሉት፣ "ለማሳያ" ይላችኋል። የፕላስቲክ ፊደሎቹስ? ለማሳያ። ጫጫታ ለሚረብሻቸው ልጆች የተላከው የጆሮ መሸፈኛስ? ለማሳያ። ሁለት ዊልቸሮች አሉን፤ የመቀመጫቸው ላስቲክ እስካሁን አልተላጠም። እግሩ የማይታዘዘው ልጃችን በጓደኞቹ ጀርባ ታዝሎ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ዊልቸሩ ላስቲኩን እንደለበሰ ጥግ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። "ልጁ ይቀመጥበት እንጂ!" ብዬ ስጮህ፣ "ከቆሸሸ በኋላ ማን ፎቶ ያነሳዋል?" አለኝ። እናቴ ትሙት፣ ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያለኝ።

ክፍላችን ግቢው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሽንት ቤቶቹ ጀርባ። ድሮ የተሰባበሩ ወንበሮች ይጣሉበት ነበር። ለዊልቸር ተብሎ በሲሚንቶ የተሠራ መወጣጫ አለው፤ መወጣጫው ግን በሩ ጋ ሳይደርስ፣ አንድ ደረጃ ሲቀረው ያልቃል። ሥራውን ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው። ደረጃዋ ፎቶ ላይ አትታይም።

ሰውዬው ፊት የስፖርት አስተማሪ ነበር። ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ጥላ ሥር የሚቀመጥ፣ "ሩጡ!" ብሎ ጋዜጣ የሚገልጥ ዓይነት። ልዩ ክፍል ሲከፈት ዳይሬክተሩ ሰብስቦን "ፈቃደኛ ማነው?" ቢል ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ወንድሜ ፊደል አልገባው ብሎ ሲደበደብ አድጌያለሁና እጄን አወጣሁ። እሱ እጁን አላወጣም። ከሜዳው ላይ እንዲነሳላቸው የሚፈልጉ ስለበዙ ነው የላኩት። አጭር ሥልጠና ሄደና የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሥልጠናው ሳይደርሰኝ ቀረ። በዚህችው ወረቀት አስተባባሪ ሆነ። በመስታወት አሳሽጎም ከሰሌዳው በላይ ሰቀላት፤ ልጆቹ ሰሌዳውን ለማየት ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት የእሱን ጉርድ ፎቶ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እንደተቀጣ ሰው ነበር የሚያደርገው። "እኔ ምን በድዬ ነው እዚህ የተጣልኩት?" ይል ነበር፣ ልጆቹ ፊት፣ አፉን ሞልቶ። መስማት የሚቸግረው ልጃችን እንኳ ከከንፈሩ አንብቦ አንገቱን ይደፋ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እንግዶች መጡ። ከየት እንደመጡ ዛሬም አላውቅም፤ መኪናቸው ትልቅ፣ ካሜራቸውም ትልቅ ነበር። አንዷ ሴትዮ የልጆቹን ፀጉር እየዳበሰች አለቀሰች። ወዲያው ዞር ብላ የእሱን እጅ ጨበጠችና "እርስዎ ጀግና ነዎት" አለችው። በቃ! ሰውዬው ያን ቀን ተወለደ ማለት ይቻላል። ጥላ ሥር ይተኛ የነበረው ሰው በማግስቱ ክራባት አስሮ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ቀን ነው ያለን፣ የእንግዳ ቀንና ሌላው ቀን። በሌላው ቀን ይፈርማል፣ ስልኩን ይጎረጉራል፣ "አንቺ ቀጥይ" ይለኛል፣ ይወጣል። በእንግዳ ቀን ቁምሳጥኑ ይከፈታል፣ አሸዋው ይወጣል፣ የዊልቸሩ ላስቲክ በጨርቅ ይወለወላል። ልጆቹን በእጁ አቅፎ፣ በእንባ በተሞላ ድምፅ "እነዚህ የእኔ ልጆች ናቸው" ይላል። እንግዶቹ ሲወጡ አሸዋው ተመልሶ ይቆለፋል። አንዴ ከሳጥኑ ውስጥ እጇን ለማውጣት ያንገራገረች አንዲት ትንሽዬ ልጅ ነበረች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀው። እኔ ከዚያ በኋላ ሕንፃ ከሚሠሩ ሰዎች አሸዋ ለምኜ በማጠቢያ ሳፋ አምጥቼ በሱ ማስተማር ጀመርኩ። "የክፍሉን ገጽታ ታበላሺያለሽ" አለኝ። ኤድያ! ገጽታ!

ሚስቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ እዚያ ወረቀት በላስቲክ የሚያሽግ ማሽን አለ። ግድግዳችን ላይ ያለው ሁሉ የታሸገ ነው። መፈክሩ የታሸገ፣ የልጆቹ ሥዕል የታሸገ፣ የተሳሳተው ሥዕል ደግሞ በእሱ እጅ ታርሞ የታሸገ። አንድ ቀን ሱቋ ሄጄ ስናወራ፣ "ባልሽ ለልጆቹ አንደበቱ ማር ነው አሉ፣ እንግዳ ፊት" አልኳት፣ ነገር ፈልጌ። ሴትዮዋ ወረቀት እየቆረጠች ቀና ሳትል፣ "ቤትም እንደዚያው ነው፤ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው 'የኔ እመቤት' የሚለኝ" አለች። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ፤ የዚህ ሰውዬ ታሪክ ያለሷ አይነገርም።

ልጆቹ "ቴፕ" ይሏታል። አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ከሳምንት በፊት ያስተማርኳትን ሳይንስ፣ እኔ መሐል ላይ ያስነጠስኩት ሳይቀር፣ መልሳ ትነግረኛለች። ስለ ሰውነት ክፍል፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ኮከብ ጠይቋት፤ መልሳ እናንተን ትጠይቃችኋለች። መጽሐፍ ስትሰጧት ግን ያቺ ልጅ ትጠፋለች። "አይቆሙልኝም ቲቸር" ትለኛለች፤ "አንዱን ስይዘው ጎኑ ያለው ይሄዳል።" በሳፋው አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፍን፣ እየደመሰስን፣ አጫጭር ቃል ማንበብ ደርሳ ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ግንባሯ እያላበ። ግን አንድ መስመር እስክትጨርስ ሌላው ልጅ ገጹን ይጨርሳል።

ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሳልፈውን ትልቁን ፈተና ባለፈው ዓመት ከሁሉም ጋር አዳራሽ ገብታ ተፈተነች፤ ወረቀቱን ባዶውን መለሰች። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ ከወደቀች ከትምህርት ቤት ትወጣለች። እናቷ ፀጉር ሰሪ ናት፤ "ካልሆነላት ከኔ ጋር ፀጉር ታጥባለች" ብላ ቦታዋን አዘጋጅታላታለች። በሥራው ነውር የለበትም። ልጅቷ ግን ስለ ኮከብ መማር ነው የምትፈልገው፤ የሰው ጭንቅላት ገንዳ ላይ አጋድማ ስለ ኮከብ ብታወራ ማን ይሰማታል?

መውጫ መንገድ ግን አለ። በመመሪያው መሠረት፣ በዓይኗ ማንበብ የሚያቅታት፣ በጆሮዋ ግን የምትረዳ ልጅ አንባቢ ይፈቀድላታል። ጥያቄውን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ መልሱን ራሷ ታጠቁራለች፣ ሰዓትም ይጨመርላታል። ይሄን የሚፈቅደው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ክፍል ድረስ መጥቶ ልጅቷ ማንበብ የማትችል መሆኗን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ቀላል ነገር ነው አይደል? ልጅቷ ማንበብ አትችልም፤ አለመቻሏን ያያሉ፤ ያልቃል።

ወይ አለማወቄ! ጋሽ ማሳያን ረስቼው ነው።

ለካ ሰውዬው የልጅቷን ጆሮ ከኔ ቀድሞ ሥራ ላይ አውሎታል። በእንግዳ ቀን መጽሐፍ አስይዞ ያቆማታል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ "የዝናብ አፈጣጠር" የሚለውን፣ ቀድሞ አንብቦላት፣ በቃሏ አስይዟታል። አፍንጫውን ሲነካ ገጽ ትገልጣለች። እንግዳው ያጨበጭባል፣ "እንዴት አድርገው አስተማሯት?" ይላል፣ እሱም "ትዕግሥት ነው፣ ትዕግሥት" ይላል። አንድ የወላጆች ቀን ደግሞ እናቷ ተጋበዘች። ልጇ ቆማ መጽሐፍ ስታነብ አየች። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ የልጇን ንባብ ሳይሰማ አይነሳም። እውነቱን ልነግራት ፀጉር ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። "አንቺ ሦስት ወር አሸዋ ስታስጭሪያት ያልሆነልሽን፣ ሰውዬው ቢሳካለት ቅናት ያዘሽ?" ብላኝ መቀሷን ቀጠለች። ምን ልበላት? ልጇ ስታነብ በዓይኗ አይታለች።

ኮሚቴው ሊመጣ መሆኑ ሲነገረን ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁምሳጥኑን ከፈተ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"እንግዳ ይመጣል አልተባለም እንዴ? አንቺ ደግሞ! መጋረጃውን አጥበሽ ስቀይ።"

"እነዚህ እንግዶች አይደሉም፣ አንተ ሰውዬ! የሚመጡት የማትችለውን ለማየት ነው። ልጅቷ አለመቻሏን ካላዩ አንባቢ አይሰጧትም።"

"እና ክፍሌ ውስጥ ልጅ አቁሜ፣ ከበላይ አካል የመጣ ሰው ፊት፣ አልችልም ላስብላት? አብደሻል? ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሠራህ ቢሉኝስ?"

"እውነቱን ንገራቸዋ!"

"እኔ ክፍሌን አላዋርድም" አለ፣ ክራባቱን እያስተካከለ። "ደግሞ ትለፍ አትለፍ፣ ፈተናው የሷ ነው። ኮሚቴው ግን የኔ ነው።"

ዳይሬክተሩ ጋ ሮጥኩ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ትሑት ሰው ነው፤ ማንንም ማስቀየም አይወድም፤ ስለዚህም ለማንም አይጠቅምም። "እናንተው ተነጋገሩ፣ እህቴ፤ ጉዳዩ የሙያ ነው" አለኝና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ልምምዱ ሳምንቱን ሙሉ ቀጠለ። ክፍላችን በቺፑድ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እኔ በዚህ በኩል ሌሎቹን ሳስተምር፣ እሱ በዚያ በኩል ሲጮህባት ይሰማኛል። ልጅቷን በመተላለፊያው ይዤ፣ "ለምን እሺ ትይዋለሽ? አንባቢ ካላገኘሽ ምን እንደሚከተል ታውቂ የለም ወይ?" አልኳት። ጫማዋን እያየች፣ "አውቃለሁ ቲቸር" አለች። ቆይታም፣ "ጋሼ እማዬ ትመጣለች ብለዋል" አለችኝ። ምን ይወራል? ልጅቷ በዕድሜዋ የተጨበጨበላት ያን መጽሐፍ ይዛ ስትቆም ብቻ ነው። ያን ጭብጨባ አፍርሺው ማለት ለሷ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እናቷ ፊት ደግሞ ጭራሽ።

ኮሚቴው መጣ። ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወጣት ወንዶችና ሰብሳቢዋ፣ አጠር ያለች፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች ሴትዮ። ገና ከመግባቷ መወጣጫው ጫፍ ላይ ቆማ ደረጃዋን አየቻት። ልብ ብላ አየችና ተሻገረች። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። ሰውዬው "እነዚህ የእኔ ልጆች ናቸው" የሚለውን በእንባው አጅቦ አለ። ወጣቶቹ ሆዳቸው ባባ። እሷ "ለተፈታኟ ነው የመጣነው" አለችው። የልጅቷ እናት በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን አምሮባት ተሠርታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ።

ቴፕ ተነሣች። መጽሐፉን ገለጠች። ጀመረች፤ አቤት አነባበብ! ነጠላ ሰረዙ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አራት ነጥቡ ላይ ታርፋለች። ሰውዬው አፍንጫውን ነካ፣ እሷ ገጽ ገለጠች። እናቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላታለች። ምዕራፉ አለቀ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አንደኛው፣ "ክብርት ሰብሳቢ፣ ይቺማ ለኛም ታነብልናለች፤ አንባቢ ምን ያደርግላታል?" ብሎ ሳቀና ብዕሩን አወጣ።

"በቃሏ ነው!" አልኩ። ራሴን መያዝ አልቻልኩም። "በቃሏ ያስያዛት ነው፤ ሌላ ገጽ ስጧት!"

ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሰብሳቢዋ ዘንበል አለና፣ "ባልደረባዬን ይቅር በሉልኝ፣ ሰሞኑን ትንሽ ደክሟታል" አለ። በአዘኔታ ድምፅ! እንደታመመ ሰው!

ሰብሳቢዋ ሁለታችንንም አላየችም። መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ፣ ከመጨረሻው አካባቢ ገለጠችና መልሳ ሰጠቻት። "እስቲ ይሄን ልጄ።"

ቴፕ ገጹን አየችው። ጣቷን መጀመሪያው ላይ አሳረፈች፣ በአሸዋው እንደተለማመድነው። ግንባሯ ማላብ ጀመረ። ቀና ብላ እናቷን አየች። እናቷ ፈገግ ብላ፣ "በይ እንጂ" በሚል ዓይነት አገጯን ነቀነቀችላት። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ነው የቆምኩት። አሁን አንድ ቃል ብትሰማ ኖሮ፣ አንድ ፍንጭ ብታገኝ፣ ይቺ ልጅ እንደምንም ብላ ታልፈው ነበር። ፍንጭ የሚሰጣት ግን አልነበረም።

"ይሄን ገና አላነበቡልኝም" አለች።

"አላነበብኩም ማለቷ ነው" አለ ሰውዬው ቶሎ ብሎ።

"አይደለም። አላነበቡልኝም" አለች ልጅቷ፣ አሁን ጠንከር ብላ። "የዝናቡን ነው ያነበቡልኝ።"

ሰብሳቢዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እንዴት ነበር ያነበቡልሽ? እስቲ እንዳለ ንገሪኝ።"

እንዳለ ንገሪኝ ተባለች፤ እንዳለ ነገረቻት። ቴፕ አይደለች? መጽሐፉን ዘጋችና በእሱ ድምፅ፣ በእሱ አነጋገር፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ጠርጋ ጀመረች። "ውሃ በፀሐይ ሙቀት... ቀና በይ! ቀና በይ እንጂ፣ የሞተ ሰው መሰልሽ። ውሃ በፀሐይ ሙቀት ይተናል። አፍንጫዬን አየሽ? አፍንጫዬን ስነካ ግለጪ አልኩሽ፣ አንቺ ድንጋይ! ለምን መጽሐፉን ታያለሽ፣ እሱ ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ፈገግ በይ። ኮሚቴ ማለት ሞኝ ነው፣ የሚያየው ጥርስሽን ነው። የተነነው ውሃ... እናትሽ ስታለቅስ አላየሽም? ዛሬም ማልቀስ አለባት፣ እሷ ስታለቅስ ነው ሌሎቹ የሚያለቅሱት..."

"በቃ! በቃ!" አለ ሰውዬው። ላብ በላብ ሆኗል። ወጣቱ የኮሚቴ አባል ጥርሱን ከደን አደረገ፤ እውነትም ቅድም በጣም አስጥቶት ነበር። እኔ ልስቅ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ሳቁ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ የእናትየውን ፊት አየሁ።

"ታዲያ ያን ቀን..." አለች እናት። "ለኔ ያነበብሽው?"

"አላነበብኩም እማ። ማንበብ አልችልም።" አሁን በራሷ ድምፅ ነው፣ ቀጭን ሆኖ። "ስታለቅሺ ግን በጣም ደስ አለኝ።"

ሴትዮዋ ተነሥታ ወጣች። ሄጄ ሳያት መወጣጫው ጫፍ፣ ያቺ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። "ለደንበኞቼ ሁሉ ነግሬ..." አለችኝ። በውስጤ "ደንበኛሽ ገደል ይግባ!" አልኩ። አፌን ከፍቼ ልጨምርባት ስል እጇን አየሁት፤ የክት ቀሚሷን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። ተውኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኋላ፣ "በጆሮዋ ከሰማች እውነት ታልፋለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በጆሮዋማ እኔንም ትፈትነኛለች" አልኳት።

"እንግዲያ ይነበብላት" አለችና አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ልጇን ልትወስድ ተነሣች።

አንባቢ ተፈቀደላት። እልል ልል ስል ሌላ ጉድ መጣ። በመመሪያው አንባቢው የልዩ ፍላጎት የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት፣ ትምህርቱን ያስተማራት ሰው ደግሞ መሆን አይችልም። ስለዚህ እኔ በሁለቱም ወደቅሁ። በትምህርት ቤታችን የምስክር ወረቀት ያለው፣ ምንም ነገር አስተምሯት የማያውቅ ሰው ማነው? ጋሽ ማሳያ! ሕጉ ለእሱ ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ ፊት ያን የመሰለ ውርደት የቀመሰ ሰው ያፍራል አትሉም? ምን በወጣው! "ልጅቷን የማውቃት እኔ ነኝ፤ ካለፈች ደግሞ የክፍሌ ውጤት ነው" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ።

ፈተናው የሚሰጣት በቺፑዱ ማዶ ነው። ፈታኙ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ሽማግሌ ነው፣ ቆፍጣና። እኔ በዚህ በኩል ደብተር አርማለሁ ብዬ ተቀመጥኩ፤ አንድም ደብተር አላረምኩም። ሲነበብ ሁሉም ይሰማኛል።

"ደም ኦክስጅን የሚያገኘው የት ነው?" አለ ሰውዬው። "ሀ፣ ልብ!" ይሄን ሲል ቃሉን እንደ ማስቲካ ሳበው፤ ከዚያ "ለ ሳንባ ሐ ጉበት መ ጨጓራ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጠቀለለው።

ሊነግራት ነው! መልስ በድምፁ ሊያቀብላት ነው፤ ካለፈች የእሱ ውጤት ነዋ። ማቀበሉስ ይሁን፤ ይሄ ደነዝ የሚያቀብላት የተሳሳተውን ነው! ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብገባ ፈተናው ይሰረዛል። መልስ ተነገራት የሚባል ነገር ቢመጣ ልጅቷ ናት የምትባረረው። ደግሞ ይቺ ልጅ ስንት ጊዜ እሱን ሰምታ፣ እሱ ያላትን መልሳ፣ ተጨብጭቦላታል! ጆሮዋ ከሱ ሌላ መንገድ ያውቃል? እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

"ይድገሙልኝ" አለች ልጅቷ።

"አሁን አነበብኩልሽ እኮ!"

"ስትጠይቅ ይደገማል፣ መምህር" አለ ሽማግሌው።

ደገመ። "ልብ"ን አሁን ጭራሽ አዘፈነው።

ከዚያ፣ "ጋሼ፣ ሁሉንም እኩል ያንብቡልኝ" አለች።

"ምን?"

"ሁሉንም እኩል። አንዱን አይጩሁብኝ። እኔ ነኝ የምመርጠው።"

የሽማግሌው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማኝ። "ሰምተዋታል፣ መምህር። እኩል ያንብቡላት።"

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። አነበበ፤ እኩል። ልጅቷ "እሺ፣ ቀጣይ" አለች። በሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ ተቻኮለ፤ "ቀስ ብለው" አለችው። ቀስ አለ። አንድ መስመር ዘለለ፤ "መሐል ላይ የሆነ ነገር ቀርቷል፣ ዓረፍተ ነገሩ አልገጠመም" አለችው። ተመልሶ አየ፤ ለካ ዘሎ ኖሯል። እንዲህ እያደረገች፣ እያስቆመች፣ እያስደገመች፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ልዩ ክፍል ከገባ ጀምሮ እንግዳ በሌለበት ለአንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲሠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ እሱንም በግድ።

ሲወጣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ክራባቱን ፈታ፣ ከእንስራው ውሃ ቀዳሁለት፣ ገልብጦ ጠጣ። "ጉሮሮዬ ደረቀ" አለኝ። "ዓይኔም ፈዘዘ፣ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ለካ ማንበብ እንደዚህ ያደክማል?" ቀና ብዬ አየሁት፣ ገብቶት ይሆን ብዬ። ምንም አልገባውም። ሌላ ብርጭቆ ጠየቀኝ።

ውጤት መጣ፤ አለፈች። በሳይንስ ከአዳራሹ ልጆች ብዙዎቹን ጥላቸው ሄዳለች። እናቷ ያን ቀን ፀጉር ቤቷን ዘግታ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ስለ ቅናቴ የተባለ ነገር አልተነሣም፣ እኔም አላነሣሁት። ሰውዬው የልጅቷን ፎቶ ከራሱ ፎቶ ጋር አሳሽጎ በሩ ላይ ለጥፏል፤ "የትዕግሥት ፍሬ" ይላል ከሥሩ። አልቀደድኩትም፤ ሌላ ያሳሽጋላ።

ሁለተኛ ደረጃው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቴፕ አልራቀችም። ለሚቀጥለው ዓመት ፈተናዎች አንባቢ ይመደብላት ሲባል ዳይሬክተሩ አንዴ እንኳ ብልህ ሆኖ ራሷን ጠርቶ ጠየቃት። እኔም ሥልጠናው በስንት ልመና ደርሶኝ ወረቀቱን ይዤ ነበር፤ እሷን የሚያስተምሯትም ሌሎች ናቸው። እኔን እንደምትጠራ እርግጠኛ ሆኜ ብድግ ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። "ማን ያንብብልሽ?" አላት።

ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው።

"እሳቸው ይሁኑ" አለች። "አሁን እኮ ትንሽ ትንሽ እየቻሉ ነው።"

ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ነበር። እንደተመሰገነ ሰው ደረቱን ነፋና ወደኔ ዞሮ፣ "ሰማሽ?" አለኝ።